በመስኮት ያለፍናት ጥያ

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የአንድ እናት ልጆች የሆንን ሁለት እጩ መምህራን ነን። ቤታችን በሻሾጎ ወረዳ ቦኖሻ ከተማ ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ቤታችን ሰንብተን ያየነውንና የሰማነውን ለእናንተ ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን ብናካፍል ይጠቅም ይሆናል በማለት ብዕር አነሣን። ጉዳዩ የዓለም ቅርስ ነው። ነገር ግን ቅርሱን ያየነው አገር ላገር ዞረን አይደለም። ከቤታችን ሳንወጣ፣ ስድስት ሰው ባንዲት ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለን ነው።

ስልኳን የላከልን ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድማችን ነው። ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ስንት ወጣት ወደዚያ አገር እንደሄደ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ስልኳ ጥግ ላይ ትንሽ የተሰነጠቀች ብትሆንም ሥዕል ታሳያለች፣ ድምፅም ታሰማለች። እኛም ለማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ስለ ቅርስ የማስተማሪያ መርጃ እንድናዘጋጅ ታዘን ስለነበር፣ ሥራውን ለብቻችን ከምንሠራው ማታ ማታ ከቤተሰብ ጋር ብንሠራውስ ብለን አሰብን። ስልኳን በተገለበጠ ጣሳ ላይ አስደግፈን፣ አባታችን፣ እናታችን፣ አያታችንና የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድማችን ዙሪያዋን ከበቡ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ በጎ አቀባበል አላገኘም። አባታችን የሞላነውን ፓኬጅ ዋጋ ሲሰሙ፣ «ይህ ሁሉ ብር ለድንጋይ ሥዕል ነው? ጨው አይገዛም ነበር?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ዘዴ ፈጠርን። ሥዕሎቹንና ጽሑፎቹን ቀን ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ሰዓት በራፍ ላይ ቆመን አውርደን እናስቀምጥና ማታ ያለ ምንም ወጪ እናያለን። መብራት ቢጠፋ እንኳ ስልኳ ቻርጅ እስካላት ድረስ ጉባኤው አይበተንም።

በመጀመሪያው ማታ የከፈትነው ዩኔስኮ የሚያወጣውን የዓለም ቅርስ መዝገብ ነበር። መዝገቡ እንዴት እንደተጀመረ ማወቅ ለመምህር ይጠቅማልና ባጭሩ እንግለጸው። ግብፅ በዓባይ ላይ የአስዋንን ትልቅ ግድብ ስትሠራ የአቡ ሲምበል ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች በውሃ ሊዋጡ ሆነ። በዩኔስኮ ጥሪ ብዙ አገሮች ገንዘብና ባለሙያ አዋጥተው፣ ቤተ መቅደሶቹን እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 ቆራርጠው ከፍ ወዳለ ቦታ አዛወሯቸው። ቅርስ ያንድ አገር ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ ገንዘብ ነው የሚለው ሐሳብ በዚህ በረታና እ.ኤ.አ. በ1972 ስምምነቱ ጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሲመዘገቡ ሁለቱ የኛው ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ነበሩ። ዛሬ መዝገቡ ከ1,200 በላይ ቦታዎችን ይዟል፤ ከነዚህም 12ቱ በኢትዮጵያ ይገኛሉ።

ላሊበላን ስናሳይ እናታችን አማተበች። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉ መሆናቸውን ስንነግራት፣ «ከላይ ጀምረው ወደ ታች ነው የቆፈሩት?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን እኛ በክፍል ውስጥ ስንማር ማናችንም አልጠየቅነውም ነበር።

ቀጥለን ጥያን ከፈትን። በሶዶ የሚገኙ ትክል ድንጋዮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ተመዘገቡ። በቦታው 36 ሐውልቶች ሲኖሩ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ከቅርጾቹም ሰይፍ ጎልቶ ይታያል። ከሥራቸው መቃብር አለ። ይህን ሁሉ ከጽሑፉ እያነበብን ሳለ አባታችን ስልኳን ከጣሳው ላይ አነሡና ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ቆይ እስቲ! ይቺ የቡታጅራ መንገድ ላይ ያለችው ጥያ አይደለችም እንዴ?»

እሷው ናት አልናቸው።

«እኔ እኮ በዚያ መንገድ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ! አውቶቡሱ ቆሞ ሻይ ሁሉ ጠጥተናል። አንድም ሰው፣ እዚህ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አለ፣ ብሎ አልነገረኝም።»

ውድ አንባብያን፣ እኛም ሁለታችን አንገታችንን ደፋን። ለልቅሶም ለጉዳይም አዲስ አበባ ስንሄድ ከሆሳዕና በወራቤ፣ በቡታጅራ፣ በጥያ አድርገን ነው ያለፍነው። አንዳችን ተኝተን፣ አንዳችን ስልካችን ላይ አቀርቅረን። ይባስ ብሎ ከጥያ አልፎ መንገዱ አዋሽን የሚሻገርበት አካባቢ መልካ ቁንጡሬ አለ። ይህ ቦታ ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኗል። የሰው ዘር ቀደምት ወገኖች ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ የኖሩበት ነው፤ የድንጋይ መሣሪያቸው፣ ቅሪተ አካላቸው፣ የእግር ዱካ ሳይቀር ተገኝቷል። እንግዲህ ባንድ የአውቶቡስ መንገድ ላይ ሁለት የዓለም ቅርስ! እኛ ደግሞ የወደፊት የታሪክ አስተማሪዎች! «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ያለው ሰው እኛን ሳያይ አልተናገረም።

በሁለተኛው ማታ ወንድማችን ራሱ ፈልጎ አንድ ቪዲዮ አመጣ። ተናጋሪው የጥያ ድንጋዮች ላይ ያሉት ምልክቶች ምስጢራቸው ሙሉ በሙሉ እንደተፈታ በድፍረት ያትታል። እኛ ደግሞ የዩኔስኮን ገጽ ከፍተን ከጎኑ አነበብንለት፤ አብዛኞቹ ምልክቶች ለመፍታት አስቸጋሪ ናቸው ይላል። አባታችን ይህን ሰምተው፣ «እንግዲያው ያኛው ሰውዬ ገበያ ላይ እንዳለ ደላላ ነው፤ ዕቃው የሱ ሳይሆን ዋጋ ይጠራል» አሉ። ምንጭን ስለ ማመሳከር ከዚህ የተሻለ ትምህርት በክፍል ውስጥ አላገኘንም።

ሦስተኛው ማታ የአያታችን ነበር። አያታችን ትውልዳቸው ከደጋው ሲሆን አግብተው ነው ወደዚህ የወረዱት። ቦኖሻ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች፣ በቆሎና በርበሬ የሚታይባት አገር ብትሆንም እሳቸው ከእናታቸው ጓሮ አምጥተው የተከሉትን እንሰት እስከ ዛሬ አላስነኩም። ዓይናቸው ደክሟል። ሁለቱን ማታዎች ከኛ ጋር የተቀመጡት ለጨዋታው ብቻ ነበር፤ ላሊበላም ጥያም ለሳቸው ብርሃን ያለው ጭጋግ ነው።

የጌዴኦን መልክዓ ምድር ስንከፍት ግን ነገሩ ተለወጠ። ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2023 የተመዘገበ ሲሆን፣ ገበሬው በተዳፋት ላይ ትላልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱም ጋር ቡና አቀናጅቶ የሚያለማበት ነው። ሥዕሉን አጉልተን ወደ አያታችን ፊት አስጠጋነው።

«ይሄ ምንድነው? እንሰት ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እንሰት ነው።»

«የማን ጓሮ ነው?»

የጌዴኦ ሰዎች ጓሮ መሆኑን፣ ዓለምም ይህን ከላሊበላና ከግብፅ ቤተ መቅደሶች ጋር ባንድ መዝገብ እንደጻፈው ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና በሀዲይሳ የተናገሩት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ «እኔ እኮ ለእናንተ ኮቾ ሳቀርብላችሁ፣ ትምህርት ቤት ገብታችሁ ዳቦ ስለለመዳችሁ ታፍሩበት ነበር።»

መልስ አልነበረንም። እውነት ነዋ! እንሰት በዱር በሌላም የአፍሪካ አገር ይገኛል፤ ለማዳ ሆኖ ለምግብ የሚለማው ግን በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሃያ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ሕዝብ እንደሚኖርበት ይገመታል። ድርቅ ሲመጣ እህል ሲጠፋ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። እኛ ግን ከክፍል ጓደኞቻችን ፊት የምሳ ዕቃችንን ክዳን በእጃችን ከልለን እንበላ ነበር።

ያን ማታ አያታችን ጓሯቸው ውስጥ ያሉትንና እናታቸው ጓሮ የነበሩትን የእንሰት ዓይነቶች ስም ይጠሩልን ጀመር። ጊምቦ፣ አጋዴ፣ ዲሾ እያሉ አሥራ ዘጠኝ አደረሱ። ይህኛው ለቃጫ፣ ይህኛው ለአሚቾ፣ ይህኛው አጥንት ለተሰበረ ሰው፣ ይህኛው ቶሎ የሚደርስ፣ ይህኛው በሽታ የሚችል እያሉ አብራሩ። ከዚያ ወንድማችን እንደ ጨዋታ አድርጎ ሁላችንንም ፈተነን። እናታችን አሥራ አንድ አወቀች። እኛ ሁለታችን ተጋግዘን አራት። ወንድማችን ራሱ ሁለት። ጨዋታው ሳቅ አስነሥቶ ነበር፤ ግን ቁጥሩን በየራሳችን ስናስበው ሳቁ አልቆየም። አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ አራት፣ ሁለት። አንድም ቤተ መጻሕፍት ሳይቃጠል፣ አንድም ጠላት ሳይመጣ፣ ባንድ ቤት ውስጥ በሦስት ትውልድ ይህን ያህል ጠፋ።

አሁን ወደ ከባዱ ማታ እንምጣ። በአራተኛው ቀን እናታችን፣ «ድንጋዩንም እንሰቱንም አየን። አሁን ልጄ ያለበትን አገር አሳዩኝ» አለች። ወንድማችን ይህን ሲጠብቅ እንደነበር ያስታውቅ ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ እሱም ካልሄድኩ እያለ ነው። ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ ለደላላ የሚከፈለውን ገንዘብ ከየት እንደምናመጣ እየደጋገመ ለአባታችን ያነሣል። አባታችንም እምቢም እሺም አላሉም። በኛ ቤት ይህ ጥያቄ ከእራት ጋር አብሮ የሚቀርብ ሆኗል።

ደቡብ አፍሪካን ከፈትን። የሮበን ደሴት እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ተመዝግቧል፤ ኔልሰን ማንዴላ ከታሰሩባቸው 27 ዓመታት 18ቱን ያሳለፉት በዚያ ነው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን ስንናገር አባታችን፣ «ያኔ እነሱ ወደኛ ይመጡ ነበር ማለት ነው» አሉና ዝም አሉ። ሌላው በዚያው ዓመት የተመዘገበው ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ የሚገኘው የስተርክፎንቴይንና የአካባቢው ዋሻዎች ቦታ ነው፤ ጥንታዊ የሰው ዘር ቅሪተ አካላት የተገኙበት። እኛም እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር የተገኘችውን ሉሲን አንሥተን፣ ሁለቱ አገሮች የሰው ልጅ ታሪክ ሁለት ምዕራፎች ናቸው እያልን ማስተማር ጀመርን። እናታችን ግን አልሰማችንም። እያንዳንዱን ሥዕል እያስቆመች ከበስተጀርባ የሚታዩትን ሰዎች አንድ በአንድ ትመለከታለች። ልጇን ነበር የምትፈልገው።

እንዲህ እያለን ታላቅ ወንድማችን ራሱ ደወለ። ሱቁን ዘግቶ ነው። ፊቱ ስልኳ ላይ ሲወጣ ከኋላው የተደረደረ ሳሙናና ዱቄት፣ ከፊቱ ደግሞ የብረት ፍርግርግ ይታያል። ሎኬሽን በሚሉት ሰፈር ነው የሚነግደው፤ የሚያድረውም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ታናሽየው በጉጉት፣ «ወንድም ጋሼ፣ እዚያ አጠገባችሁ ያሉትን ዋሻዎች አይተሃቸዋል?» ሲል ጠየቀው።

«የምን ዋሻ?»

ነገርነው። ከሱ ብዙ የማይርቅ መሆኑን፣ የዓለም ሰው ሁሉ እየመጣ እንደሚያየው።

ሳቀ። «እኔ ያየሁት ዋሻ ይሄ የተቀመጥኩበት ነው። በፍርግርጉ ውስጥ ዕቃ አቀብላለሁ፣ ገንዘብ እቀበላለሁ። እሑድ ደግሞ ገበያ የሚደምቅበት ቀን ነው፤ የት እሄዳለሁ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥያንም አልፌያታለሁ። ለፓስፖርት አዲስ አበባ ስመላለስ። ያኔ ሐሳቤ ሁሉ ወደ ፊት ስለነበር በመስኮት አላየሁም» አለ።

እናታችን ፍርግርጉን በጣቷ እየነካች፣ «ይሄ ብረት ሌባ ለመከላከል ነው?» አለችው። «አዎ» አላት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ወንድማችን፣ ታናሹን ማለታችን ነው፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ሳይናገር ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ጨለማው ሲመለከት ቆየ።

በማግስቱ ማታ የከፈትነው በእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የመቅደላ ብራናዎች የሚመለከት ጽሑፍ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላን በያዙ ጊዜ ከዘረፉት ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ ብራናዎች ዛሬም በዚያ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ገጽ በገጽ ተነሥተው በኢንተርኔት ለማንም ተከፍተው ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 ግን ቤተ መጻሕፍቱ በኮምፒውተር ሰርሳሪዎች ተመትቶ እነዚያ ሥዕሎች ለረጅም ጊዜ ከዕይታ ጠፉ። ሁለት ጊዜ ጠፉ እንበል? አንዴ ከአገር፣ አንዴ ከስክሪን። የአክሱም ሐውልትስ ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ፣ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 በቦታው ቆመ፤ 24 ሜትር ድንጋይ ነውና ለመመለስ ይታያል፣ ይቆጠራል። የአያታችን አሥራ ዘጠኝ ስም ግን ቢጠፋ ከየትኛው አገር እናስመልሰዋለን?

በዚህ ጊዜ ነው ወንድማችን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀንን ጥያቄ ያነሣው። «የጌዴኦ አለ። የኮንሶ አለ። የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ አለ። የሐረር ሹዋሊድ አለ። የኛ የሀዲያ ያሆዴ የት አለ?»

ፈለግን። የሰው ልጅ መንፈሳዊ ቅርሶች በሚመዘገቡበት የዩኔስኮ መዝገብ የመስቀል በዓል በ2013፣ ፍቼ ጨምበላላ በ2015፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ ሹዋሊድ በ2023 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ገብተዋል። በመስከረም የምናከብረው ያሆዴ ግን የለበትም። በዚያ ሁሉ ፍለጋ ያገኘነው ጥቂት የበዓል ቪዲዮና የዘፈን ክሊፕ ብቻ ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበረችው፣ በኋላም ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችው ንግሥት እሌኒ የሀዲያ ተወላጅ መሆኗን ስንነግረው ደስ አለው፤ ግን አልረካም። «እሷ ድሮ ናት። የአሁኑን ማን ይጽፈዋል?» አለ።

አባታችን ወደ እኛ ወደ ሁለታችን ተመለከቱ። ምንም አላሉም። ማለትም አላስፈለጋቸውም።

የዕረፍቱ የመጨረሻ ሁለት ቀናት ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተን ከአያታችን ጋር ጓሮ ዋልን። ወንድማችን ይጽፋል፣ አያታችን ቅጠሉን በእጃቸው እየዳሰሱ ስሙን ይናገራሉ። ዓይናቸው ባይለየውም ጣታቸው ይለየዋል። ስም፣ ለምን እንደሚሆን፣ በስንት ዓመት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሰጣቸው። በስልኳም ድምፃቸውን ቀዳን። አሥራ ዘጠኝ ብለው የነበረው ጓሮውን ሲዞሩ ሃያ ሁለት ሆነ። ሦስቱን ረስተዋቸው ነበር፤ ተክሉን ሲነኩ ትዝ አሏቸው።

እንግዲህ ወንድማችን ከመሄድ ሐሳቡ ተመለሰ ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን። ነገር ግን እውነቱን መናገር አለብን፤ አልተመለሰም። ከቦኖሻ በመጣንበት ቀን ጠዋት ስንጠይቀው፣ «ደብተሩን ልጨርስና እናያለን» ነው ያለን። ደብተሩ ስንት ገጽ እንደቀረው ለማወቅ በየሳምንቱ እንደውላለን። እንሰቱን ጨርሶ አሁን የያሆዴን ዘፈኖች ጀምሯል። እኛም ቶሎ እንዳያልቅበት ጥያቄ እየጨመርን እንልክለታለን።

ለእናንተ ለእጩ መምህራን ያለን ምክር ትንሽ ነው። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ የሚጠብቀን ክፍል ካርታ የሌለው፣ መጽሐፉም የማይበቃ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባንዲት ስልክ ላይ ቀን የተቀመጠ አሥር ሥዕል ይዞ መግባት ማንንም አያቅተውም። ላሊበላን ያሳዩ፣ ጥያን ያሳዩ፣ ዓለምን ያሳዩ። ካሳዩ በኋላ ግን ስልኩን ያጥፉና ተማሪውን፣ «በናንተ ቤት ይህን የሚያውቅ ማን አለ?» ብለው ይጠይቁት። የቤት ሥራው ይህ ይሁን። አያት ያለው ልጅ ከአያቱ ዘንድ ደብተር ይዞ ይሂድ።

ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱም ጥያ ስትደርሱ እባካችሁ አትተኙ። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ተኝቶ ከሆነም ቀስ ብላችሁ ቀስቅሱት። ምናልባት ለፓስፖርት የሚሄድ ወጣት ይሆናል።